ከማዘዛችሁ በፊት አንዱን ሸሚዝ እጠቡት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። የራሷን ሥራ ልትጀምር ነው። ለሠራተኞቿ ዩኒፎርም እያሠራች ነው፤ ደረቱ ላይ የድርጅቷ አርማ በጥልፍ ይገባበታል። «ጠላፊዎቹ መጀመሪያ አንድ ናሙና ሰፍተን እናሳይሽ ይሉኛል። እኔ ምስሉን በስልኬ አይቼዋለሁ፤ በጣም ያምራል። ቀኑ ደግሞ ደርሶብኛል። ናሙናውን ብዘለው ምን አለበት?» አለችኝ።

«አትዝለዪው» አልኳት። ምክንያቱን ግን በስልክ አስረድቼ አልጨረስኩም። ስልኩን ስንዘጋ የቆየ ቁጭት ተነሳብኝና ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። እሷም፣ እንደ እሷ ሥራ የምትጀምሩ ሁሉም እንድታነቡት ብዬ ጻፍኩት።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ገና በልጅነቴ ነው፤ ጥልፍ ቤት ውስጥ ረዳት ሆኜ። ክር እቀይራለሁ፤ ከጥልፉ የተረፈውን ክር እቆርጣለሁ፤ ያለቀውን ልብስ አጥፌ እደረድራለሁ። ማሽኑ ባለ ብዙ ራስ ነበር። አንዱ ራስ የሚሰፋውን ሌሎቹም እኩል ይሰፋሉ። አንዱ ላይ ክር ሲበጠስ ሁሉም ይቆማሉ። ያኔ እየሮጥኩ ሄጄ የተበጠሰውን አስገባለሁ። ሥራውን እወደው ነበር።

ዋናውን ጠላፊ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ብዙ አይናገሩም። አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ አርማውን ከማየታቸው በፊት ጨርቁን ይይዙታል። ወደ ጎን ይስቡታል፤ ከዚያ ወደ ታች። ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ ሲለቁት ምን ያህል እንደሚመለስ ያያሉ። አንዳንዴ መብራት ሲጠፋና ማሽኑ ሲቆም ወሬ ያመጣሉ። ማሽኑ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ብዙ ዘመን እንዳለው የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኢሳክ ግሮብሊ በ1863 እ.ኤ.አ. በልብስ ስፌት መኪና አሠራር ላይ ተመሥርቶ ሺፍሊ የሚባለውን የጥልፍ ማሽን ሠራ። ዛሬ ማሽኑ በደቂቃ እስከ 1,000 ጊዜ ይወጋል። ጨርቅ ግን ሲታጠብ ያው ጨርቅ ነው።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ነጋዴ መጣ። ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። የመክፈቻው ቀን ተቆርጧል፤ ጥሪውም ተበትኗል። ለአስተናጋጆቹ የሚሆኑትን ፖሎ ቲሸርቶች ራሱ ገዝቶ ነው ያመጣቸው። ንጹህ ጥጥ ናቸው፤ ለስላሳ፣ የሚለጠጡ። አርማው ውስጡ በሙሉ በክር የተሞላ ትልቅ ክብ ነው። መሀሉ ላይ የቤቱ ስም አለ። ከስሩ መፈክር አለ፤ ከመፈክሩም ስር የስልክ ቁጥር፣ ደቃቅ ደቃቅ ሆኖ።

ጋሼ ጨርቁን ሳቡት። ከዚያ ሥዕሉን አዩ። ከዚያ ወጣቱን አስቀምጠው በትዕግሥት አስረዱት። ተራ የደረት አርማ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ስፌት ይበቃዋል። ይሄ ክብ ከዚያ በጣም ይበልጣል። እንዲህ ችምችም ያለ ስፌት በሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ከባድ ነው። ያልታጠበ የጥጥ ፖሎ በመጀመሪያው አጠባ 5 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊሰበሰብ ይችላል። የጥልፉ ክር ግን ፖሊስተር ነው፤ አይሰበሰብም። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ 5 በመቶ ማለት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። ያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የትም መሄጃ ከሌለው ጨርቁ ይጨማደዳል።

«ክቡን ውስጡን ክፍት እናድርገው፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ይሰፋ። ስልክ ቁጥሩ ይውጣ። ዛሬ ማታ አንዱን ልስፋ፤ ይታጠብ፤ ነገ ደርቆ እንየው። ከዚያ የፈለግከውን ትወስናለህ» አሉት።

«ጋሼ፣ አንድም ቀን የለኝም። ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁ» አለ።

የጥልፍ ቤቱ ባለቤት ገባ። ቀብዱን ተቀብሏል። «ደንበኛው ባለው ይሠራ» ብሎ ወጣ።

ጋሼ አልተከራከሩም። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ላይ ያየሁት ግን እውነትም ያምር ነበር። ጨርቁ በፍሬሙ ተወጥሮ ስለሚሰፋ ከማሽን ሲወርድ ሁሉም ነገር ልስልስ፣ ቀጥ ያለ ነው። እኔ እያጠፍኩ ደስ ብሎኝ ነበር። ነጋዴው መጥቶ ሲያይ ጋሼን አቀፋቸው። እሳቸው ፈገግ አላሉም። አንዱን ቲሸርት አንስተው ገለበጡና ውስጡን በእጃቸው ዳሰሱ፤ መልሰው አስቀመጡት።

ምግብ ቤቱ ተከፈተ። ልብሱ ታጠበ። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴው ቲሸርቶቹን በጆንያ ይዞ ተመለሰ።

ክቡ ደረቱ ላይ ጎበጥ ብሎ ቆሟል። ዙሪያውን ጨርቁ ተጨማድዷል። ካውያ ሞከርን፤ ሲሞቅ ይተኛል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የስልክ ቁጥሩ 6 ከ8 አይለይም። ከነጋዴው ጋር አንዲት አስተናጋጅ መጥታለች። ዳር ቆማ ቆይታ ጋሼን ቀስ ብላ «አባቴ፣ ውስጡ ይቧጭረኛል» አለቻቸው። አንገቷ ሥር ቀልቷል። ሥራ ላይ ስትሆን አርማውን ለመሸፈን ሽርጧን ከፍ አድርጋ እንደምታስር፣ ሌሎቹም እንደዚያው እንደሚያደርጉ ነገረቻቸው። ያ ሁሉ ክር የተሰፋው ግን አርማው እንዲታይ ነበር።

ጋሼ ቁጭ አድርገው ጠየቋት። ስትጎነበሽ የት ይይዝሻል? ትሪ ስትሸከሚ የትኛው ክንድሽ ደረትሽን ይነካል? ልብሱን ማን ያጥበዋል፣ በምን ያጥበዋል? እሷ ሁሉንም መለሰች። ከመስፋቱ በፊት ማንም ጠይቋት ቢሆን ያንኑ ትመልስ ነበር።

ከዚያ ባለቤቱ ገባ። ሁላችንም ባለንበት፣ ነጋዴውም በቆመበት፣ ጥፋቱ የጠላፊው ነው አለ። ኪሳራው ከጋሼ ደሞዝ እንዲቆረጥ አዘዘ። ነጋዴው አፉን አልከፈተም። ጋሼም «ነግሬያችሁ ነበር» አላሉም። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እኔ በምላጭ ጥልፉን ከውስጥ በኩል እየቆረጥኩ መፍታት ጀመርኩ። አብዛኛው አልዳነም። ክሩ ሲወጣ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ጨርቅ ላይ ደግሞ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ጋሼ የወሩን መጨረሻ ጠብቀው ሥራውን ለቀቁ።

የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ትክክል እንደነበሩ የነገራቸው ሰው አልነበረም። የእኔ የረዳቱ ቃል ያኔ ቦታ አልነበረውም። በኋላ፣ ራሴ ሥራ መቀበል ስጀምር፣ ፈልጌያቸው ነበር፤ ግን የገቡበትን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ናሙና ሳይታጠብ ትእዛዝ አልጀመርኩም። ደንበኛ ጥሎኝ የሄደበት ጊዜም አለ።

የእናንተ ትውልድ ስክሪን ያምናል። ልብስ፣ ቤት፣ የሥራ ባልደረባ ሳይቀር በስልክ አይታችሁ ትወስናላችሁ። አንድ ቀን መጠበቅ ያማችኋል። ይሄ አይገባኝም፤ ደስም አይለኝም። ደግሞ ሌላ እውነት አለ፤ እናንተ ትጠይቃላችሁ። ያ ነጋዴ የጥያቄ ዘመን ላይ አልነበረም፤ የምታውቁትን ሳትደብቁ የማታውቁትንም ሳታፍሩ ስትጠይቁ ሳይ ከእኛ ትሻላላችሁ እላለሁ።

ልክ ውሰዱ፣ ዋጋ አወዳድሩ፣ ውል ተፈራረሙ አልላችሁም። ይሄን ታውቁታላችሁ። ስለ ናሙናው ብቻ ልንገራችሁ።

ናሙናው በዚያው በምታዙት ጨርቅ ላይ ይሰፋ። በሌላ ቁራጭ ጨርቅ የተሰፋ ናሙና ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ ልብሳችሁ አይነግራችሁም። ከዚያ ልብሱ በእውነተኛ ሥራ ላይ እንደሚታጠበው እጠቡት። ወጥ ቤት ከሆነ በሙቅ ውሃ። በረኪና የሚገባበት ከሆነ በበረኪና። ሬዮን ክር ያብረቀርቃል፤ ያምራል፤ በረኪና ግን ቀለሙን ይበላዋል። ፖሊስተር ይችለዋል። በየቀኑ ለሚታጠብ ዩኒፎርም እኔ ፖሊስተርን ነው የምመርጠው።

የደረቀውን ገልብጡና ውስጡን ዳስሱ። ከጥልፉ ስር ደጋፊ ጨርቅ ይገባል። የሚለጠጥ ልብስ ላይ ዙሪያው በመቀስ የሚቆረጠውና ከስሩ የሚቀረው ዓይነት ያስፈልጋል። በእጅ ተቀድዶ የሚወጣው ዓይነት ለማይለጠጥ ጨርቅ ነው። ጠላፊያችሁን የትኛውን እንዳስገባ ጠይቁት። ጥያቄው ብቻውን ሥራውን በጥንቃቄ እንዲያየው ያደርገዋል።

ከዚያ ከሠራተኞቻችሁ ሁሉ ሥራ የሚበዛባትን ምረጡና አልብሷት። እናንተ አትልበሱት። ቀኑን ሙሉ ትሥራበት። ማታ ጠይቋት፤ ስትመልስ አታቋርጧት።

ፊደልን በተመለከተ ትንሽ ልጨነቅላችሁ። በተለመደው 40 ቁጥር ክር ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፊደል ይደፈናል። 60 ቁጥር ቀጭን ክርና ቀጭን መርፌ ትንሽ ይረዳል። የእኛ ፊደል ግን ከላቲኑ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። «ተ» እና «ቸ»ም እንዲሁ። ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ቅጥያ የጥቂት ስፌቶች ጉዳይ ትሆናለች፤ ስታመልጥ የሰው ስም ይቀየራል። እኔ ከ7 ሚሊ ሜትር ባያንስ እመርጣለሁ። ቦታ ከሌለ ጽሑፉን ቀንሱ። ስልክ ቁጥር ደረት ላይ አታድርጉ። የሰው ደረት ላይ አፍጥጦ ቁጥር የሚገለብጥ ደንበኛ የለም።

የሠራተኛውን ስም ማስጠለፍ ግን ደስ ይለኛል። ሰው በስሙ ሲጠራ ሥራውን በሌላ ስሜት ይሠራል። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት ቤት ከሆነ ደግሞ አትጥለፉ፤ ተነቃይ ባጅ ይሻላል። ሁለቱንም አምንበታለሁ፤ የእናንተን ቤት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስም ካስጠለፋችሁ ዝርዝሩን በስልክ አታስተላልፉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙን በራሱ እጅ ይጻፍ።

ደረቱ ላይ ኪስ ያለው ሸሚዝ ከሆነ ኪሱ ላይ አስጠልፉ ከማለታችሁ በፊት አስቡበት። ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ በኪሱ ላይ በቀጥታ ከተጠለፈ ኪሱ ከሸሚዙ ጋር ተሰፍቶ ይዘጋል። ውሃ የማያስገባ ጃኬት ላይ የመርፌው ቀዳዳ ውሃ ያስገባል። እሳት አጠገብ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሆን ልዩ ልብስ ላይ ደግሞ ተራ ፖሊስተር ክር ፈጽሞ አይገባም፤ በሙቀት ይቀልጣል። ለእሱ አራሚድ የሚባል ክር አለ። እዚህ ላይ ጉዳዩ የሰው ገላ ነውና በዋጋ አትደራደሩ።

ናሙናው ካለፈ ሁለት አሠሩ። አንዱን ሳታጥቡ፣ ሌላውን አጥባችሁ አስቀምጡ። የክሮቹን ቁጥርና የደጋፊውን ዓይነት ጽፋችሁ አያይዙበት፤ እናንተም ጠላፊውም ፈርሙበት። አርማው ለማሽኑ የተዘጋጀበትን ፋይልም ተቀበሉ። ለዝግጅቱ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ነገ ጠላፊ ብትቀይሩ እንደገና አትከፍሉም። ይሄን ከቀብዱ በፊት ተነጋገሩበት፤ ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ ብዙዎች ቅር ይላቸዋል።