ከስቴንት በፊት የእግር ደም ስር ምርመራ ለምን ይታዘዛል? በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አባትሽ 67 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው። ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ጭምድድ ያደርጋቸዋል፣ ሲያርፉ ይለቃቸዋል። ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ሊገባላቸው ነው ስትሉ ሐኪሙ መጀመሪያ የእግርና የአንገት ደም ስር ምርመራ አዘዘ፤ ጣት ላይ የሚደረግ ሌላም ጨመረበት። «ችግሩ ልባቸው ላይ ሆኖ እግራቸውን መመርመር ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ?» ብለሻል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሜን ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። በጊዜው ትንሽ ተቆጥቼም ነበር።

አንድ ነገር ላስቀድም። ሕመሙ ሳይንቀሳቀሱ ቁጭ ባሉበት ከመጣ፣ ካላባቸው፣ ወይም ዕረፍት አድርገውም ካልለቀቃቸው ምንም ቀጠሮ አትጠብቁ። ወዲያው 911 ደውሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ሕመማቸው እንዳልሽው በድካም መጥቶ በዕረፍት ለሚሄድ ሰው ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ዲሲ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ የነዳሁ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። በእኔ የጀመረው ከልብ አልነበረም። ሁለት ብሎክ ያህል ስሄድ ግራ ባቴን ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይለቀኛል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ «ብዙ ስለተቀመጥክ የወገብ ነርቭ ነው» ተባልኩና ክኒን ይዤ ተመለስኩ። እግሬን በእጁ የዳሰሰ ሰው አልነበረም። ከዓመት በኋላ ደረቴን መጨምደድ ሲጀምረኝ ወደ ልብ ሐኪም ተላክሁ። እሱ ካልሲዬን አስወልቆ ከቁርጭምጭሚቴ በታች የእግሬ ጀርባ ላይ የደም ምቱን በሁለት ጣቱ ፈለገ። ግራው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ምርመራውን አዘዘ።

የእግሩ ምርመራ አያምም፣ መርፌም የለውም። በጀርባዬ አስተኝተው አሳረፉኝ። ሁለቱ ክንዶቼና ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቼ ላይ የግፊት መለኪያ ታሰረ። ባለሙያዋ ቅባት ቀብታ እስክሪብቶ የምታክል መሣሪያ ቆዳዬ ላይ ስታስጠጋ ደሜ በድምፅ ይሰማል። ቀኙ ላይ ጠንካራና ጥርት ያለ ነበር። ግራው ላይ ስታደርገው ድምፁ ደከመ፤ ከሩቅ እንደሚነፍስ ነፋስ ሆነ። አንድም ቃል ሳትነግረኝ ልዩነቱን በራሴ ጆሮ ሰማሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ እግሬ ውስጥ ደም ይጎድላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የቁርጭምጭሚቱን የላይኛውን ግፊት ለክንዱ የላይኛው ግፊት ያካፍሉታል። የእኔ ክንድ 150፣ ግራ ቁርጭምጭሚቴ 108 ነበር፤ 0.72 መጣ። ጤነኛው ከ1.0 እስከ 1.4 ነው። 0.90 እና ከዚያ በታች ከሆነ የእግር ደም ስር ጠቧል ማለት ነው። አባትሽ ስኳር ስላለባቸው ይህን ልብ በይ፦ ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ የእግር ደም ስር እየጠጠረ መለኪያው ሊጫነው የማይችልበት ጊዜ አለ። ያኔ ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ይወጣል። «ከፍ ስላለ ጥሩ ነው» ብላችሁ እንዳትደሰቱ። እንዲያ ከሆነ የእግር አውራ ጣታቸው ላይ ያለው ግፊት እንዲለካላቸው ጠይቂ።

ለልቡ ምን ፈየደ ለምትይው፣ ለእኔ ሦስት ነገር ቀየረ። መጀመሪያ፣ የእግር ደም ስሩ በቅባት የጠበበ ሰው የልብ ድካም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ የኮሌስትሮል መድኃኒቴን መጠን ጨመሩት። ሲጋራውንም ያኔ ነው የተውኩት፤ ሰባት ወር ሙሉ አሰቃየኝ። ሁለተኛ፣ ስቴንቱን ወደ ልብ የሚያደርሰው ሽቦ የሚገባው ወይ በብሽሽት ወይ በእጅ አንጓ ነው። የእግሬ ስር እንዲህ መሆኑ ስለታወቀ በብሽሽቴ መግባቱን ተዉት። የእጄ አውራ ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያዋን ሰክተው፣ አንጓዬ ላይ ያለውን ስር ተጭነው ሌላኛው ስር እጄን ብቻውን ማዳረሱን አዩና በቀኝ እጄ ገቡ። ሦስተኛው፣ እግሬ ራሱ ሕክምና አገኘ። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ከ2017 ጀምሮ ለዚህ ሕመም በባለሙያ ፊት የሚደረግ የእግር ጉዞ ሥልጠና ይከፍላል፤ በ12 ሳምንት እስከ 36 ጊዜ። እስኪያመኝ እሄዳለሁ፣ አርፋለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ። ሁለት ብሎክ የማልዘልቅ ሰው አሁን ግማሽ ሰዓት ሳልቆም እሄዳለሁ።

የአንገቱ አልትራሳውንድ አጭር ነው፤ ነፍሰ ጡር እንደሚታየው ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው ስር መጥበቡን ያያሉ። ይህ ይበልጥ የሚያስፈልገው ነገሩ ከስቴንት ወደ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና (ደሙ የጠበበውን የልብ ስር አልፎ በሌላ ስር እንዲሄድ የሚደረግበት) የሚዞር ከሆነ ነው። አንገቱ በጣም የጠበበ ሰው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ስትሮክ እንዳይመታው ይፈራሉ። ለአባትሽ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2012 የወጣ ፍሪደም የሚባል ትልቅ ጥናት አለ፤ ስኳር ያለባቸውና ከአንድ በላይ የልብ ስር የጠበበባቸው 1,900 ሰዎች ተካፍለውበታል። ባይፓስ የተደረገላቸው ስቴንት ከገባላቸው ይልቅ ሞትም የልብ ድካምም ቀንሶላቸዋል፤ ስትሮክ ግን በባይፓሱ በኩል በዛ። ስለዚህ ሐኪሙን «ስንት ስር ነው የጠበበው? ዋናው የግራ የልብ ስር አለበት ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። እኔ የጠበበብኝ አንድ ብቻ ስለነበረ ስቴንቱ በቃኝ።

የጣቱ ምርመራ የደም ስሩ ውስጠኛ ሽፋን መሥራት አለመሥራቱን ነው የሚያየው። ሁለቱ አመልካች ጣቶች ላይ ጣት የምትገባበት ነገር ያጠልቃሉ፤ አንዱን ክንድ 5 ደቂቃ ጥብቅ አድርገው ያስሩና በአንዴ ይለቁታል። እጁ ይደነዝዛል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። ጤነኛ ስር ደሙ ተመልሶ ሲመጣበት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አውጥቶ ይሰፋል። የታመመው እንደ ጠበበ ይቀራል። የ1998 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው የዚህን ጋዝ ሥራ ላወቁ ሰዎች ነው። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የምትደረገው ናይትሮግሊሰሪንም የምትሠራው በዚሁ ጋዝ ነው። ይህ ምርመራ ግን በየቦታው የለም፤ ብቻውን «ስቴንት ይግባ፣ አይግባ» አያሰኝም። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ካለና ከኪሳችሁ ከተጠየቃችሁ፣ እኔ ብሆን የእግሩን አስቀድሜ ይሄኛውን አቆየዋለሁ።

መዘግየቱ ያስፈራሽ ይመስለኛል። እኔንም አስፈርቶኝ ነበር። ሐኪሜ ያረጋጋኝ በ2020 ስለወጣው ኢስኬሚያ ስለሚባል ጥናት ነግሮኝ ነው። 5,179 ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ሕመማቸው እንደ አባትሽ የረጋ። ቶሎ ስቴንት ወይም ባይፓስ የተደረገላቸውና መጀመሪያ በመድኃኒት የታከሙት በሞትና በልብ ድካም አልተለያዩም። የደረት ሕመሙን ግን ስቴንቱ ወይም ባይፓሱ ይበልጥ አስታግሷል። ዋናው የግራ ስር የጠበበባቸው ሰዎች በጥናቱ አልገቡም፤ ያንን ጥያቄ አትርሱ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እንግዲህ ሕመማቸው እስካልባሰ ድረስ ለምርመራ የሚሄዱት ጥቂት ቀናት የባከኑ አይደሉም።

አስተርጓሚ ጠይቁ። በሽታውን ልጅ ሲያስተረጉም አባት ይደብቃል። እኔ ሲጋራዬን ለልጄ ስል ቀንሼ ተናግሬያለሁ፤ ትክክለኛውን ቁጥር የተናገርኩት በስልክ ላለችው አማርኛ አስተርጓሚ ነው። ሆስፒታሉ በነፃ ማቅረብ አለበት። ጫትም ከሆነ ይናገሩ፤ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በዚህ የሚያፍሩ አባቶች አውቃለሁ።

የመጨረሻው ቡና ነው። ለጣቱ ምርመራ ባዶ ሆድ፣ ያለ ቡናና ያለ ሲጋራ ነው የሚኬደው። እኔ ይህን ሳልሰማ አቦሉን ጠጥቼ ሄጄ ሌላ ቀን ተባልኩ፤ አንድ ሳምንት ቆየሁ። አባትሽ ደግሞ ኢንሱሊን ከወሰዱ ባዶ ሆዳቸውን ብዙ ሰዓት መቆየት የለባቸውም። ነገ ደውይና የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ጠይቂላቸው። የዚያን ቀን ኢንሱሊኑን ምን ያህል እንደሚወስዱም በዚያው ስልክ ጠይቂ።