የግላይደር ድርሻ ከመግዛትህ በፊት ሃንጋሩን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ከከተማ ራቅ ያለ፣ የቆየ ታሪክ ያለው የግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) ክለብ አግኝቻለሁ። አንድ አባል የእንጨት ግላይደሩን ግማሽ ድርሻ ሊሸጥልኝ ነው፤ ልግዛ ወይ?» ነው ያልከው። ስለ ሥልጠናው ሌሎች መልሰውልሃል፣ እሱን ልዝለለው። እኔ ልክ አንተ ያለህበት ቦታ ላይ ቆሜ «እሺ» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ያስከፈለኝን ልንገርህ።

1. በታሪኩ አትማረክ። የክለቡ ቤት ግድግዳ በጥቁርና ነጭ ፎቶ የተሞላ ነው አይደል? እኔን ያስጎበኙኝ ሽማግሌ ወሬያቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1920 ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመኖችን ከሞተር አውሮፕላን ሲያግዳቸው፣ ወጣቶቹ ቫሰርኩፐ በተባለ ተራራ ላይ ተሰብስበው ሞተር በሌለው አውሮፕላን መወዳደር ጀመሩ። ያኔ ግላይደሩን የሚያስነሱት የላስቲክ ገመድ ጎትተው ከኮረብታ በመወንጨፍ ነው። በኋላ ዊንች፣ ማለትም ግላይደሩን በረጅም ገመድ ስቦ ወደ ላይ የሚያስነሳ ሞተር፣ ሲመጣ ኮረብታው ቀረ፤ ረጅም የሣር ሜዳ ያገኘ ሁሉ ክለብ ማቋቋም ቻለ። የገጠር ክለቦች የበዙት በዚህ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፣ ይጥማልም። እኔ ግን ፎቶ ፎቶውን ሳይ ሃንጋሩን ሳላይ ወጣሁ።

2. ዊንቹን ጠይቅ። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ገመድ መዘርጋት ከቻሉ ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ታገኛለህ፤ ወደ ላይ የሚነሳ ሞቃት አየር ካልገጠመህ አምስት ስድስት ደቂቃ ቆይተህ ትወርዳለህ። ሜዳው አጭር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሁለተኛ፣ ዊንቹን የሚነዳው ማነው? አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እሱ ባልመጣ ቁጥር ሁላችሁም ሣር ላይ ቁጭ ትላላችሁ።

3. ሃንጋር፣ ማለትም ግላይደሮቹ የሚያድሩበት አዳራሽ። እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። የአንድ ግላይደር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙውን ጊዜ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ሃንጋር ውስጥ የአንዱ ክንፍ ከሌላው ክንፍ ሥር፣ የአንዱ ጭራ ከሌላው አፍንጫ አጠገብ እየተሰካካ ነው የሚቆሙት። ቅድሚያው የክለቡ የማሠልጠኛ ባለሁለት መቀመጫዎች ነው፤ ቀጥሎ ነባር አባላት፤ የተረፈው ለሌላው። ሻጩን «ቦታ አለው?» ብዬ ስጠይቀው «ችግር የለም፣ ይገኛል» አለኝ። ይገኛል! ወረፋው የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሸጥ ወይ ሲሞት እንደሆነ ማን ይንገረኝ።

እናም ግላይደራችን ተፈታትቶ ተጎታች ውስጥ ገባ፤ ተጎታቹ አጥሩ ሥር ውጭ ቆመ። ለመብረር በፈለግን ቁጥር ክንፉን የሚሸከሙ ሦስት አራት ሰዎች መለመን አለብን። እሱስ ይሁን። አሮጌ የእንጨት ግላይደር የተጣበቀው በኮላ ነው፤ የኛው ከወተት በሚሠራው በኬሲን ነበር። ኬሲን ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዕድሜው ረጅም ነው፤ እርጥበት ከገባው ግን ሻጋታ ይበላዋል። ተጎታቹ ደግሞ አየር ማስገቢያ የለውም፣ ወለሉም ውሃ ያቁራል።

መጠለያ ልንሠራለት አሰብን። አራት ምሰሶና ቆርቆሮ ብቻ። ለፈቃድ የሄድንበት ቢሮ ያለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል «ምን ልታስቀምጡበት?» አለ። ግላይደር አልኩት። «አውሮፕላን ከሆነ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ የአቪዬሽን ነው።» አቪዬሽን ስሄድ «መጠለያ የመሬት ጉዳይ ነው» ብለው መለሱኝ። ተመልሼ ሰውዬው ጋ ስቆም «ሞተር ከሌለው ምኑ ነው አውሮፕላን?» ብሎ ሳቀብኝ። እንግዲያው አውሮፕላን ካልሆነ ፍቀድልኛ ስለው የምሳ ሰዓት ደረሰ። እንዲህ ስንመላለስ የዝናቡ ወራት አለፈ።

ለዓመታዊ ምርመራ የመጣው ባለሙያ በክንፉ ቀዳዳ ባትሪ አብርቶ ጥቂት አየና ዝም አለ። ከዚያ የክንፉን ስስ የእንጨት ልባስ፣ ኮምፔንሳቶውን፣ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው፤ ክንፉን ከሚሸከመው ዋና እንጨት ተላቆ ነበር። መዝገቡ ላይ የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ መብረር የለበትም። ጥገናው ከግላይደሩ ዋጋ በላይ ሆነ። የሸጠልኝ ሰው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው።

ክለቡን ግን ጥለኸው ሂድ እያልኩህ አይደለም። እኔም አልተውኩም። አሁን የሃንጋሩን አደራደር የማወጣው እኔ ነኝ፤ ወለሉ ላይ በቀለም መስመር አስምሬ፣ «አስካ 13» (ASK 13) የምንለውን አሮጌ ባለሁለት መቀመጫ ወደ ጥግ አዙሬ፣ ሁለት ተጨማሪ ግላይደር አስገብቻለሁ። ሽማግሌው «አይገባም» ብለው ተከራክረውኝ ነበር፤ ገባ።

አንተ ለጊዜው የክለቡን ግላይደር እየተከራየህ ብረር፤ የፋይበርግላስ ማሠልጠኛ ካላቸው እሱ በወተት ኮላ የተጣበቀ አይደለም፣ እርጥበትም እንደ እንጨት አይጎዳውም። ድርሻውን የግድ ልግዛ ካልክ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂድ። ሻጩን አስቀድመህ አትደውልለት። ተጎታቹን አስከፍትና መጀመሪያ አሽትተው፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ወደ ቤትህ ተመለስ። ከሌለው ደግሞ የሃንጋሩ ቦታ በስምህ የተጻፈበትን ወረቀት ሳታይ እንዳትፈርም። «ይገኛል» ካለህ፣ ወረፋው ላይ ስንተኛ እንደሆንክ ጠይቀው።