ለጥር ምን እናሰፋ? ስለ ጨርቅና ህትመት ጥያቄና መልስ

ጥምቀትና የጥር ሠርግ በተቃረቡ ቁጥር ጎንደር ውስጥ ልብስ ሰፊ የሚጠየቀው ስለ ስፌት ሳይሆን ስለ ጨርቅ ነው። የጻፋችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ከማራኪ፦ የመጪው ዓመት ቀለም ምንድን ነው?

ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ የቀለም ድርጅት ለ2025 እ.ኤ.አ. የመረጠው ሞካ ሙስ የሚባለውን፣ ማኪያቶ የሚመስል ቡናማ ነበር። ለ2026 ደግሞ ክላውድ ዳንሰር ያለውን ነጭ መርጧል፤ ነጭ ሲመርጥም የመጀመሪያው ነው። ጥር 11 በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ የሚቆመው ሕዝብ ግን ነጭ ለመልበስ የማንንም ትንበያ ጠብቆ አያውቅም። ስለዚህ ነጩን ተዪው እህቴ፤ የሚጠቅምሽ ቡናማው ነው። በነጭ ፈትል ላይ ቡናማና ወርቃማ ጥለት ሲገባበት ያምራል፤ ለጥምቀት ለብሰሽው ለሠርግም ይሆንሻል።

ከአዘዞ፣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ፦ የበጋ ጨርቅ ብዬ ያስመጣሁት ዝናብ ላይ ደረሰብኝ። ለምን?

በጋው የእነሱ ስለሆነ ነው። ፓሪስ ላይ ፕሪሚየር ቪዥን በሚባለው የጨርቅ ትርኢት በየካቲት ወር የሚታየው ጨርቅ የሚለበሰው ከአንድ ዓመት በኋላ በሚመጣው የአውሮፓ ፀደይና በጋ ነው። የአውሮፓ በጋ ደግሞ ከእኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጋር ይገጥማል። ስስ ጥጥና ሊነን እዚያ ሱቅ በሚሞላበት ጊዜ እኛ ጃንጥላ ይዘናል። እርስዎ ግን ይህን መዛባት ለጥቅም ሊያውሉት ይችላሉ፦ ወቅቱ አልፎበት ዋጋው የወረደውን ስስ ጥጥ በነሐሴ ገዝተው ለጥር ፀሐይ ያቆዩት። ከፋዩንና ወፍራሙን ጨርቅ በብዛት አይያዙ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም የከተራን ሌሊት ብርድ የሚመክተው ጋቢ ነው፤ ቀሚሱ ስስ ቢሆን ማንም አይቸገርም።

ከአራዳ፦ ጥበብ የታተመበት ሽፎን ቀሚስ ርካሽ ነው፤ ከሽመናው በምን ይለያል?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ጨርቁን ገልብጪው። በእጅ በተሸመነው ላይ ጥለቱ ራሱ ክር ስለሆነ በጀርባውም ይታያል፤ የክሩ ዝላይና ቋጠሮም አለ። የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ነው። ካልለየልሽ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዘሽ በክብሪት አቃጥዪ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል።

እነዚያ ደማቅ ህትመቶች ፖሊስተር ላይ የሚበዙት ያለምክንያት አይደለም። ሰብሊሜሽን በሚባለው አሠራር ቀለሙ በመጀመሪያ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተንኖ ወደ ፖሊስተሩ ክር ውስጥ ይገባል። ጥጥ ይህን ቀለም አይዝም። ውጤቱ ቶሎ አይለቅም፣ ለማጠብም ይቀላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ላብ አይመጥም፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጧፍ ይዞ በሚቆም ሕዝብ መካከል እንዲህ ያለ ቀሚስ ለሕፃን ልጅ አልሰፋም፤ የጠየቁኝን እናቶችም መልሻለሁ።

ነጠብጣብ አለፈበት?

በ2025 እ.ኤ.አ. ትልልቁ ነጠብጣብ ዓለምን አጥለቅልቆ ነበር፤ እሱ ይሰለቻል። ትንሹ ግን መቼም አይወድቅም፣ ግዙት።

ለስድስት ሚዜዎች አንድ ዓይነት አበባማ ጨርቅ እንግዛ ብለናል። ምን እንጠንቀቅ?

ከአንድ ጥቅል ይቆረጥ። ያው ህትመት በሌላ ጊዜ ሲታተም ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፤ ሱቅ ውስጥ የማይታየው ልዩነት ፎቶ ላይ ጎልቶ ይወጣል። አበባው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የቆመ ከሆነም ጨርቅ ጨምራችሁ ግዙ፤ ቁራጩን ገልብጠን መጠቀም ስለማንችል ብዙ ይባክናል። ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ ውኃ ይንካው፤ ካልሆነ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቀሚሱ ያጥራል።

የጥምቀት ቀሚሴን ጨርቅ እስከ መቼ ላምጣ?

እስከ ገና። ከገና ወዲህ የሚመጣውን ለሚያዝያ ሠርግ እሰፋዋለሁ።