በልጄ ኪስ ያገኘሁት ሰማያዊ ኪኒን ስኬጁል ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ19 ዓመት ልጄ ባለፈው ሰመር ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ተጎዳና ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ትራማዶል ስለነበረኝ እሱን ስሰጠው ቆየሁ፣ ተሻለው ብዬ አቆምኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልብሱን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰማያዊ ኪኒን አገኘሁ፣ በአንድ በኩል ኤም በሌላው በኩል 30 ይላል። ስጠይቀው ጓደኛዬ የሰጠኝ የህመም ማስታገሻ ነው፣ ፋርማሲ የሚሸጥ ነው አለኝ። ቨርጂኒያ ናይታዚን የሚባሉ አዳዲስ ነገሮችን ስኬጁል አንድ ውስጥ ታስገባለች ሲባል ደግሞ ሰማሁ። ይሄ ኪኒን ስኬጁል አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ ያን ያህል አያሰጋም አይደል? ፋርማሲ ገዝቼ የሽንት ምርመራ አድርጌለት ነፃ ነው ብሎኛል። ግሪን ካርድ ላይ ስለሆንን ፖሊስ እንዳይመጣ ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ማታ ግን እንቅልፉ ከብዷል፣ ያንኮራፋል።

መልስ፦ እህቴ ጤና ይስጥልኝ። የስኬጁሉን ነገር፣ ማለትም ሕጉ ኪኒኑን በየትኛው የዕፅ ዝርዝር ውስጥ እንዳስቀመጠው እመልስልዎታለሁ፣ ግን ደብዳቤዎ ውስጥ በጣም ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ቃል ናት፣ «ያንኮራፋል» ያሏት። እርስዎን እንቅልፍ የነሳዎት ልጄን አጣው ይሆን የሚለው ነው፣ ቁጥሩን የጠየቁኝም ሁለት ነው ብልዎት ትንሽ እፎይ ለማለት ይመስለኛል። ስለዚህ ከማንኮራፋቱ ልጀምር።

ኦፒዮይድ የሚባሉት ጠንካራ የህመም ማስታገሻዎች ሁሉ፣ ሞርፊንም ይሁን ፌንታኒል ወይ ትራማዶል፣ ሲበዙ አንጎል ውስጥ «ተንፍስ» ብሎ የሚያዘውን ክፍል ያደነዝዙታል። ሰውየው ቀስ በቀስ መተንፈስ እየረሳ ነው የሚሄደው። ጉሮሮው ይላላል፣ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ አየሩ በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ያ ከባድ የሚያጓራ፣ አንዳንዴም የሚንተከተክ ድምፅ ይወጣል። ቤት ያለ ሰው ይሰማዋል። ደክሞት ነው፣ ተዉት ይተኛ ይባላል፣ ብርድ ልብስ ይደረብለታል፣ መብራት ይጠፋል። ልጆቻቸውን በዚህ ያጡ ብዙ ወላጆች የሚናገሩት ይሄንኑ ነው፣ ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ሰምተነው ነበር ይላሉ። ለዚህ ነው እኔ ኦፒዮይድ ሊገባበት በሚችል ቤት ውስጥ ማንኮራፋት ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው።

ያንኮራፋ ሁሉ ኦቨርዶዝ አድርጓል፣ ማለትም ከመጠን በላይ ወስዶ ተመርዟል እያልኩ አይደለም፣ አይደንግጡ። አለርጂም ድካምም ያስንኮራፋል፣ የ19 ዓመት ልጅ ደግሞ እንቅልፉ ከባድ ነው። ልዩነቱ ሲቀሰቀስ ነው የሚታወቀው። ደህና የተኛ ሰው ስሙን ጮክ ብለው ሲጠሩት፣ ትከሻውን ሲነቀንቁት ተነጫንጮም ቢሆን ይነቃል። ካልነቃ ጡጫዎን ጨብጠው በጣቶችዎ አጥንት ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት በኃይል ይሹት፣ በጣም ስለሚያም ጤነኛ ሰው ተኝቶ አይችለውም። በዚህም ካልነቃ ኦቨርዶዝ ነው ብለው ይነሱ። ደረቱን ይዩ፣ በሁለት ትንፋሽ መሃል አምስት ስድስት ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ትንፋሹ እየቆመ ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል ሲባል ሰምተው ይሆናል፣ በኛ ቆዳ ላይ ግን ቶሎ አይታይም፣ የከንፈሩን የውስጥ በኩል፣ ድዱንና ጥፍሩን ነው የሚያዩት፣ አመድማ ወይም ግራጫ ይሆናል። የዓይኑ ብሌን ደግሞ እንደ መርፌ ጫፍ ትጠባለች።

ያኔ 911 ይደውሉ። ናርካን የሚባለውን፣ የኦፒዮይድን ጉልበት የሚሽረውን የአፍንጫ ስፕሬይ አንዱ አፍንጫው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይግፉት፣ ትንፋሹ ከቆመ የ911 ሠራተኛዋ በስልክ እንደምትነግርዎት አድርገው በአፉ ይተንፍሱለት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀው ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ ይስጡት። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ ያስተኙት። ወተት አይስጡት! ወተት መርዝ ያረክሳል እየተባለ ስንት ዘመን ተቀባብለነዋል፣ መዋጥ ለማይችል ሰው አፉ ላይ የሚፈስ ወተት የሚሄደው ወደ ሳንባው ነው። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ጥፊም ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የላቸውም። ቢነቃና ተናዶ ልሂድ ቢልዎት እንኳን ሆስፒታል ይሂድ፣ ናርካን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ሲያልቅ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ነገር መልሶ ሊጥለው ይችላል።

ናርካን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ የአካባቢዎ ጤና ቢሮም በነፃ ይሰጣል፣ ሪቫይቭ የሚባል አጠቃቀሙን የሚያስተምሩበት ፕሮግራምም አላቸው። ናይታዚንም ኦፒዮይድ ስለሆነ ለሱም ይሠራል፣ ከአንድ በላይ ሊያስፈልግ ስለሚችል ግን ሁለት ፓኬት ይኑርዎት። የወሰደው ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝ ናርካን አይጎዳውም፣ ስለዚህ ልስጠው አልስጠው ብለው አይከራከሩ።

አሁን ወደ ስኬጁሉ። የፌዴራሉ ሕግ የ1970 ነው፣ አምስት ዝርዝሮች አሉት፣ ቨርጂኒያ ደግሞ የራሷ ሕግ አላት፣ ስድስት ነው ያደረገችው፣ ስድስተኛው ውስጥ እንደ አንቲባዮቲክ ያሉ በትእዛዝ የሚገዙ ተራ መድኃኒቶች ናቸው ያሉት። ስኬጁል አንድ የሚባለው ለሱስ የመጋለጥ አቅሙ ከፍተኛ ሆኖ በሕክምና ተቀባይነት ያለው ጥቅም የሌለው ነው፣ ሄሮይን እዚያ ነው። ስኬጁል ሁለትም እንደዚያው አደገኛ ነው፣ ልዩነቱ ሐኪም የሚጠቀምበት መሆኑ ነው። ፌንታኒል ከሞርፊን 100 እጥፍ ያህል የሚበረታ ሆኖ ስኬጁል ሁለት ነው፣ ምክንያቱም ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ኦክስጅንና ማሽን አጠገባችን ይዘን በየቀኑ እንሰጠዋለን። ካርፌንታኒል ደግሞ ከፌንታኒልም 100 እጥፍ ያህል ይበረታል፣ እንደ ዝሆን ያሉ ትልልቅ እንስሳትን ለማደንዘዝ የወጣ ነው፣ እሱም ስኬጁል ሁለት ነው። ታዲያ «ሁለት ከሆነ አያሰጋም አይደል?» ላሉኝ መልሴ፣ አይደለም፣ ያሰጋል ነው። ቁጥሩ የሚነግርዎት ሕጉ ያንን ነገር ለማን እንደሚፈቅድ ነው፣ ልጅዎ ቢውጠው ጠዋት ይነሳል አይነሳም የሚለውን ከዚያ ላይ ማንበብ አይቻልም።

ናይታዚን የሰሙትም እውነት ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲባ የሚባል ኩባንያ በ1950ዎቹ ለህመም ማስታገሻ ብሎ የሠራቸው ናቸው፣ ከአደገኛነታቸው የተነሳ መድኃኒት ሆነው ገበያ አልወጡም። ነጋዴዎች የፌንታኒልን ዘመዶች ኬሚካላቸው ላይ አንዷን ነገር ቀየር እያደረጉ ዝርዝሩ ላይ ስሟ የለም እየተባለ ይሸጡ ስለነበር የፌዴራሉ መንግሥት በ2018 ሁሉንም እንደ አንድ ቤተሰብ በጊዜያዊነት ስኬጁል አንድ አስገባቸው፣ በ2025 ደግሞ በሕግ ቋሚ ሆነ። ናይታዚን ግን የኬሚካል ቅርጹ ከፌንታኒል የተለየ ስለሆነ በዚያ አጥር ውስጥ አይገባም። ከነሱ አንዱ አይሶቶናይታዚን በፌዴራል ደረጃ የተያዘው በ2020 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሌሎች በየጊዜው ይጨመራሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ አካሄዱ እንዲህ ነው፦ የስቴቱ የፎረንሲክ (የወንጀል ምርመራ) ላብራቶሪ ፖሊስ ከያዘው ነገር ውስጥ አዲስ ኬሚካል ሲያገኝ ለፋርማሲ ቦርዱ ያሳውቃል፣ ቦርዱ በአጭር መንገድ ለ18 ወር ስኬጁል አንድ ውስጥ ያስገባዋል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የስቴቱ ምክር ቤት በሕግ ካላጸደቀው ይወርዳል። ጥሩ አሠራር ነው፣ እኔ እደግፈዋለሁ፣ ምክር ቤቱ በየዓመቱ እስኪሰበሰብ ቢጠበቅ ስንት ልጅ ያልቃል። ግን ልብ ይበሉ፣ ላብራቶሪው አዲስ ኬሚካል የሚያገኘው ሰዎች ከዋጡት በኋላ ነው።

እና የርስዎ ኪኒን? ስኬጁሉን እኔም ፖሊስም በዓይን አይተን ልንነግርዎ አንችልም። ኤም 30 የሚባለው እውነተኛው ኦክሲኮዶን የሚባል ኦፒዮይድ ነው፣ ስኬጁል ሁለት፣ ከፋርማሲ የሚወጣ ግን ስም በተጻፈበት ብልቃጥ እንጂ በላስቲክ ተጠቅልሎ አይመጣም። መንገድ ላይ የሚዞረውን አስመስለው የሚያትሙት ነጋዴዎች ናቸው። የፌዴራሉ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዲኢኤ በ2024 ከመረመራቸው ፌንታኒል ካለባቸው የሐሰት ኪኒኖች ከ10ሩ 5ቱ ሊገድል የሚችል መጠን ነበረባቸው፣ በ2023 ከ10ሩ 7 ነበር። ሊገድል የሚችል የሚሉት 2 ሚሊግራም ነው፣ እርሳስ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ። ጨው በደንብ ያልተማሰለበት ወጥ ያውቃሉ፣ አንዱ ጉርሻ አልጫ ሌላው አይቀመስም፣ ኪኒኑም እንደዚያ ነው፣ ጓደኛው ግማሹን ውጦ ምንም ሳይሆን ሌላኛው ግማሽ ሊገድል ይችላል።

የሽንት ምርመራውን ይርሱት። ብዙዎቹ የቤት መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ሞርፊንና ዘመዶቹን ነው፣ ፌንታኒል የራሱ መስመር ከሌለው አያዩትም፣ ናይታዚንን ደግሞ የፌንታኒሉ መመርመሪያም አያየውም። ነፃ ነው ስላለዎት ነው ሦስት ሳምንት የተቀመጡት አይደል?

ሦስት ሳምንት እኮ ነው እህቴ! ልብሱ ውስጥ ኪኒን አግኝተው፣ ሌሊት ሲያንኮራፋ እየሰሙ፣ ቤትዎ ውስጥ አንድ ናርካን ሳይኖር። ትራማዶሉም እንደዚያው፣ እዚህ ሀገር ከ2014 ጀምሮ ስኬጁል አራት ነው፣ አንዳንዱን ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት ያንዘፈዝፈዋል፣ የድብርት መድኃኒት ለሚወስድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሀገር ቤት ፋርማሲ እንደ ልብ ስለተገዛ ሻንጣ ውስጥ ይዞ መጥቶ ለልጅ ማደል አይቻልም፣ በቃ አይቻልም። ይህን ያህል ከተቆጣሁ በኋላ ደግሞ ይስሙኝ፣ ሱስ ያስያዝኩት እኔ ነኝ ብለው ራስዎን አይቅጡ። ሱስ ይኑረው አይኑረው ገና አናውቅም። አንዴ ለጉልበቱ ፈልጎ የተቀበለም ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ ስላልለመደው ከሱሰኛው ይልቅ በአንድ ኪኒን ሊሞት ይችላል።

ፖሊስ ያሉኝን በተመለከተ፣ የቨርጂኒያ ሕግ ኦቨርዶዝ ላደረገ ሰው እርዳታ ፈልጎ የደወለንና ራሱን ታማሚውን በእጁ በተገኘው ዕፅ እንዳይታሰሩና እንዳይከሰሱ ይጠብቃቸዋል፣ እዚያው መቆየትና ለሚመጡት ማንነትን መናገር ግን ግዴታ ነው። የግሪን ካርዱን ነገር አላቃልልብዎትም፣ የዕፅ ጥፋተኝነት በኢሚግሬሽን ሕግ ከባድ ነው፣ የስቴቱና የፌዴራሉ ዝርዝር ሁልጊዜ ስለማይገጥም ደግሞ የትኛው ነገር በስም ተጻፈ የሚለው ፍርድ ቤት ላይ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ምናልባት ክስ ቢመጣ አጥፍቻለሁ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። ትንፋሹ የቆመ ሰው ግን አንጎሉ ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት ይጀምራል፣ ያኔ ስለ ወረቀት የሚታሰብበት ጊዜ የለም።

ልጁን ዛሬ ያናግሩት፣ ሳይጮሁ። «ኪኒኑን አላምነውም፣ አንተን ግን ማጣት አልችልም» ብለው ይጀምሩ፣ ናርካኑ የት እንደተቀመጠ ያሳዩት፣ ብቻውን በሩን ቆልፎ ምንም እንዳይወስድ ይንገሩት። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ጉልበቱም በደንብ ይታይ። ሐኪሙ ኪኒን ወሰደ ብሎ ለኢሚግሬሽን አይደውልም፣ ልጅዎ 19 ስለሆነ እንዲያውም ያለሱ ፈቃድ ለርስዎም አይነግርም። ሱስ ሆኖ ከተገኘ ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ስኬጁል ሦስት ነው፣ ከ2023 ወዲህ ልዩ ፈቃድ ስለማያስፈልገው የቤተሰብ ሐኪሙም ሊያዝለት ይችላል። «ሱስን በሱስ መተካት» የሚሉትን አይስሟቸው፣ ሞትን በግማሽ ያህል የሚቀንስ ሕክምና ነው።

ሀገር ቤት ላኪው፣ ጸበል ወስደሽው ይተወው እያሉ የሚመክሩዎትም ይኖራሉ። ጸበሉ ይሁን፣ አልከለክልም፣ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። ግን ሁለት ሦስት ወር ርቆ የተመለሰ ሰው ሰውነቱ የለመደውን ረስቷል፣ ድሮ የሚወስደውን ያህል አንድ ቀን ቢወስድ ሊገድለው ይችላል፣ ከእስር ቤትና ከማገገሚያ የወጡ ሰዎች በብዛት የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሆነው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ቢሄድም ሲመለስ ናርካኑ ቤት ይጠብቀው።

ኪኒኑን በእጅዎ ነክተውት ከሆነ አይጨነቁ፣ በመንካት ብቻ ኦቨርዶዝ አይደረግም፣ እጅዎን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። ቆርጠው አይዩት፣ አይቅመሱት፣ ትንሽ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፣ ምን እንደሚያደርጉት ፖይዝን ኮንትሮል የሚባለውን የመርዝ ምክር መስመር 1-800-222-1222 ደውለው ይጠይቁ፣ አስተርጓሚም ያገኛሉ። የቀረዎትን ትራማዶል ደግሞ መድኃኒት መጣያ ሳጥን ያለው ፋርማሲ ወስደው ይጨምሩት፣ ሲመለሱ ናርካኑን ገዝተው ይግቡ።