ፅንስ ከመጣበቁ በፊት በማህፀን ውስጥ የሚጓዘው እንዴት ነው?
በአራት ኪሎ ካምፓስ ባዮሎጂ የሚማሩት ጠያቂ «ፅንሱ ራሱ ይዋኛል ወይስ ይገፋል?» ላሉት፣ ይገፋል፤ የሚያንቀሳቅሰው የማህፀን ጡንቻ መኮማተር ነው። ግልጹ ምሳሌ ፈረስ ነው። በባዝራ ማህፀን ውስጥ ክብ የሆነው ፅንስ፣ በተለይ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ጡንቻ የሚያኮማትር ኬሚካል እያመነጨ ጡንቻውን ያነሳሳና ከአንዱ የማህፀን ቀንድ (ከማህፀኑ ሁለት ቅርንጫፎች አንዱ) ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ በየደረሰበት መኖሩን ለማህፀኑ ስለሚያሳውቅም እርግዝናውን የሚደግፈው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን አይቋረጥም። በ16ኛው ቀን አካባቢ ፅንሱ ስለሚያድግና የማህፀኑ ግድግዳ ስለሚጠብቅ ባለበት ይረጋል። በአሳማ ጉዞው እስከ 12ኛው ቀን ገደማ ያበቃል፤ ዋና ጥቅሙም ብዙዎቹን ፅንሶች ቦታ እንዳይሻሙ ማራራቅ ነው።