ስለ ግፊት፣ ስኳር፣ ስፖርትና ምግብ ሲስተርን ጠይቁ (ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት)

ሲስተር፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እንደተባባልነው መጥቻለሁ። ለማታውቁኝ ነርስ ነኝ፣ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከዛ ውስጥ 11ዱ የግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ነው ያለቀው። ዶክተር አይደለሁም፣ ዶክተር አትበሉኝ። የላብራቶሪ ውጤት ወረቀት ፎቶ አትላኩ። ደሞ ክኒን የምትወስዱ ሰዎች እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ክኒን እንዳታቋርጡ፣ ይሄን ዛሬ አስር ጊዜ ሳልለው አልወጣም።

የሰሚቷ፦ ሲስተርዬ እንኳን መጣሽልን። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ደም ብዛት አለብሽ ተብላ ክኒን ጀምራ ነበር። ባለፈው ሌላ ቦታ ስትመረመር ደሞ ደም ማነስ አለብሽ አሏት። አሁን ሁለቱንም ትታ ቁጭ ብላለች፣ "በዝቶ ነው አንሶ ነው የሚገድለኝ፣ መጀመሪያ ይስማሙ" ትላለች።

ሲስተር፦ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቁት። ጥፋቱ የእሳቸው ሳይሆን "ደም ብዛት" የሚለው ስም ነው። እኔ ይሄን ቃል ብችል ከአማርኛ አወጣው ነበር። ደሙ አልበዛም! የበዛው ግፊቱ ነው። ሮቶ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ አለ የሚለውና ውሃው ቧንቧውን በምን ያህል ኃይል ይገፋዋል የሚለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው አይደል? ግፊት ሁለተኛው ነው። ደም ማነስ ደሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፣ ደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ቀዩ ነገር (ሄሞግሎቢን) ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱም በአንድ ላይ ሊኖሩበት ይችላሉ፣ ምንም የሚጋጭ ነገር የለም።

በዚህ ስም የተነሳ ያየሁትን ብነግርሽ። ቀይ ሥር ደም ይጨምራል ብለው የተዉ፣ ደሜ ይቀነስልኝ ብለው ዋግምት የሄዱ፣ የወር አበባዬ ብዙ ስለሚፈሰኝ እኔ ደም ብዛት አይዘኝም ያለችኝ ልጅ ሳትቀር ነበረች። ጭራሽ ለረጅም ጊዜ ያልታከመ ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል፣ የተጎዳ ኩላሊት ደሞ ራሱ ደም ማነስ ያመጣል። ስለዚህ እናትሽ ሁለቱን ውጤት ይዘው አንድ ሐኪም ጋ ይቅረቡ፣ ኩላሊታቸው ይታይ (ክሪያቲኒን ብለሽ ጠይቂ)። በ63 ዓመት ደም ማነስ ዝም ብሎ በአይረን ክኒን የሚሸፈን አይደለም፣ ከጨጓራ ወይ ከአንጀት ቀስ እያለ የሚደማ ነገር እንዳይኖር ይፈለጋል። የግፊቱን ክኒን ግን ዛሬውኑ ስለ መመለስ ያዘዘላቸውን ሰው ያናግሩ። ክኒን አይቋረጥም።

ጂሙ፦ ሲስ ቦርጭ በ2 ወር የሚያጠፋ ፋት በርነር የትኛው ይሻላል

ሲስተር፦ የትኛውም። ቀጣይ።

ጂሙ፦ ቢያንስ ምክንያቱን በይን እንጂ

ሲስተር፦ ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ካፌይን ነው፣ ልብህን ያስመታልሃል፣ ግፊትህን ይጨምራል፣ ብርህን ይቀንሳል። በቁርጥ የተመረጠ ቦታ ብቻ ስብ የሚያቀልጥ ነገር የለም፣ ሺ ጊዜ ሲት አፕ ብትሠራም። ብረት ማንሳትህን ቀጥል፣ እሱ ጥሩ ነው።

ሹፌሩ፦ ሰላም እህቴ። ታክሲ ነው የምሠራው፣ ከለሊቱ 11 እስከ ማታ 3 ወንበር ላይ ነኝ። ስፖርት ሥራ ይሉኛል፣ መቼ ነው የምሠራው? ቀልዳችሁን ነው?

ሲስተር፦ ልክ ነህ፣ ብዙ ጊዜ ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ቢሮ ውስጥ ናቸው። የሚባለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ነው፣ እያወራህ መሄድ ትችላለህ ግን መዝፈን አትችልም፣ እንደዛ ያለ እርምጃ። ይሄ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ተራ ስትጠብቅ 10 ደቂቃ ከመኪና ወርደህ ፈጠን ብለህ ተመላለስ፣ በቀን ሁለቴ ብታደርገው በሳምንት 140 ሞላህ እኮ። ቱታም ጂምም አያስፈልግም። ጫት የምትቅም ከሆነ ግን (አልጠየቅኩም፣ አትመልስ) የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ቅመህ አትለካ፣ ቢቻል ተወው።

ሰላማዊት፦ 10 ሺ እርምጃ ነው እንጂ በቀን

ሲስተር፦ 10 ሺው በ1960ዎቹ (በፈረንጅ) ጃፓኖች የእርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጡ የለጠፉት ስም ነው፣ ሕግ አይደለም። 4 ሺ የሚሄድ ሰው 6 ሺ ቢሄድ ተጠቅሟል።

ዲሲ ነዋሪ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜ 51፣ ሐኪሜ ጨው ቀንሺ ካለችኝ 8 ወር ሆነኝ፣ እውነቴን ነው ወጥ ላይ ጨው ጣል ማድረግ ትቻለሁ፣ ግን ግፊቴ ንቅንቅ አላለም። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ክኒን እወስዳለሁ።

ሲስተር፦ እህቴ በርበሬው ከየት ነው የሚመጣልሽ?

ዲሲ ነዋሪ፦ እህቴ ከአዲስ አበባ ትልክልኛለች፣ ሽሮውንም።

ሲስተር፦ አገኘነዋ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። እጅሽ ጨው ሳይነካ ወጥሽ ጨው በልቷል ማለት ነው። ይሄን ስንት ሰው ላይ እንዳየሁ! "ሲስተር በእግዚአብሔር ስም ጨው አልበላም" ይላሉ፣ አይዋሹም፣ ግን ጨውየው ከባልትናው ጋር ተፈጭቶ ነው የገባው። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እሱም ከዳቦው፣ ከቺዙ፣ ከማጊው፣ ከቆርቆሮ ቲማቲሙ፣ ውጭ ከሚበላው ጥብስ ሁሉ ጋር ተደምሮ ነው። አንቺ ያለሽበት ሀገር ደሞ የሚበዛው ጨው የሚመጣው ታሽጎ ከሚሸጠው ምግብ ነው፣ ጀርባው ላይ ሶዲየም የሚለውን አንብቢ፣ የቀኑ ድምር ከ2,000 ሚሊግራም እንዳያልፍ። ለእህትሽ ደውለሽ የሚቀጥለው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይዘጋጅ በያት። መጀመሪያ አልጫ አልጫ ይልሻል፣ ጥቂት ሳምንት ታገሺው፣ ምላስ ይለምዳል። ለጣዕም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ሎሚ አለልሽ። አምሎዲፒኑን እንዳታቋርጪ፣ ቁርጭምጭሚትሽ ካበጠም ለሐኪምሽ ንገሪያት፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው የታወቀ ነገር ነው፣ ይቀየርልሻል።

ቢኒ፦ ሮዙን የሂማሊያ ጨው ተጠቀሙ፣ እሱ ተፈጥሯዊ ነው ግፊት አይጨምርም

ሲስተር፦ ጨው ጨው ነው፣ ቀለሙ አያታልህ። አዮዲን የተጨመረበት ካልሆነ ደሞ ከግፊት ሸሽተህ ወደ እንቅርት ነው። "ሶዲየሙ የተቀነሰ" የሚባለው ጨው ደግሞ በምትኩ ፖታሲየም ነው ያለበት፣ ኢናላፕሪል (የግፊት ክኒን ነው) የምትወስዱና የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትነኩት።

ቢኒ፦ አያቴ ጨውም ቅቤም እየበላ 94 ዓመት ኖሯል

ሹፌሩ፦ አያትህ ሲያርስ ነበር የሚውለው፣ አንተ ኮምፒውተር ላይ ነህ

ቢኒ፦ ቅቤ ግን መድኃኒት ነው፣ ይሄ የሚረጋው ዘይት ነው የጨረሰን

ሰላማዊት፦ ስለሚረጋው ዘይት እንኳን ልክ ነው

ሲስተር፦ ብርድ ሲሆን የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ የሚሆነው የሚረጋ ስብ ነው፣ ቅቤ ደሞ ከዛም ይበልጣል፣ ስለዚህ ቢኒ ራስህን ነው የመታኸው። ኑግና ሱፍ ይሻላሉ፣ ውድ ናቸው አውቃለሁ፣ በትንሹ መጠቀም ነው። አሁን ወደ ጥያቄ።

ማርያምን፦ እኔ ግን ምንም ዳይት አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ ጾማችንን በደንብ ብንጾም ይበቃናል። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው።

ጂሙ፦ ፕሮቲንስ? ጡንቻ ይበላል ጾም

ማርያምን፦ ጾም ለጡንቻ አይደለም ለነፍስ ነው

ጂሙ፦ አንቺ ነሽ እኮ ዳይት ነው ያልሽው

ሲስተር፦ ተው፣ ተዉ። ጂሙ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ሽሮ፣ ፕሮቲን ሞልቷል። ማርያምን፣ ጾም ላይ ጤነኛ ምግብ አለ፣ እስማማለሁ፣ ጎመን፣ ጥራጥሬ፣ ተልባ፣ ሱፍ ፍትፍት። ግን እኔ ሁዳዴ ላይ ኪሎ የጨመሩ ሰዎች መዝኜአለሁ፣ ምክንያቱም ጾሙ በሳምቡሳ፣ በቦምቦሊኖ፣ በዳቦና ዘይት በተንሳፈፈበት ወጥ ነው የሚጾመው። ዓመቱን በሙሉ አጥብቃችሁ የምትጾሙ ደሞ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን አትክልት ውስጥ የለም፣ እጅና እግር መደንዘዝ ከጀመረ ተመርመሩ። ሌላው፣ ጎመንና ምስር ላይ ያለው አይረን ሎሚ ወይ ቃሪያ ሲጨመርበት በደንብ ይገባል፣ ምግቡ ላይ ወዲያው ቡና ወይ ሻይ ስትደርቡበት ይቀንሳል። ሰዓት ያህል ቆዩ።

የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሰምታችሁኛል? ጾምም ይሁን ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ። በተለይ ኢንሱሊን ወይ ግሊበንክላማይድ የሚባለውን ክኒን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት መጾም ስኳር ያወርዳል፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብዥ ማለት፣ ከዛ መውደቅ። ያኔ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተስተካከለ መድገም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ሐኪም ቤት። ክኒኑን "ጾም ስለሆነ" ብሎ መተው ደሞ መፍትሔ አይደለም። ሰዓቱን የሚቀይረው ሐኪም ነው።

ከሪያድ፦ እህቴ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ 29 ዓመቴ ነው፣ ወገቤንና እግሬን አጥንቴን ያመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ከቤት የምወጣው አልፎ አልፎ ነው።

ሲስተር፦ አይዞሽ እህቴ። ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል ግን ፀሐይ የማያገኝ ሰው ቫይታሚን ዲ ያንሰዋል፣ ፀሐይ በሞላበት ሀገር እንኳን። ምርመራው በደም ነው፣ እዛም የተለመደ ነው፣ ፈቅደው ከወሰዱሽ በስሙ ጠይቂ። ሰገነት ወይ ጣሪያ ላይ ልብስ የምታሰጪ ከሆነ ክንድሽን ገልጠሽ ትንሽ ቆዪ። ወተትና እንቁላል ካለ ብዪ። ጓደኛ የምትሰጥሽን ትልቅ የቫይታሚን ዲ መርፌ ግን ሳትመረመሪ እንዳትወጊ።

አቤል፦ ሲስተር ለደም ብዛት ምን ልብላ?

ሲስተር፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የአሽዶድ ልጅ፦ ሰላም። ቁመቴ 1.78 ክብደቴ 66 ነው። ቀጭን ነኝ፣ ግን ሐኪሙ ኢትዮጵያዊ ስለሆንክ ስኳር እንመርምር አለኝ። ዘረኝነት መሰለኝ።

ሲስተር፦ በዚህኛው ሐኪሙ ልክ ነው። በዘመቻ ሙሴም በ1983 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1991) በዘመቻ ሰሎሞንም እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ሲደርሱ ስኳር በሽታ ብርቅ ነበር። ምግቡ ተቀየረ፣ ነጭ ዳቦና ኮካ መጣ፣ ተራራ መውጣት ቀረ፣ ከዛ በኋላ በብዛት መጣ፣ እሱም ወፍራም ባልሆኑ ሰዎች ላይ ጭምር። የእኛ ሰው ሚዛን ላይ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ውስጥ ስብ ሊይዝ ይችላል፣ ወገብህን ነው መለካት። ሳትበላ ጠዋት ተመርመር፣ ከ100 በታች ጥሩ፣ 100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ፣ 126ና ከዛ በላይ ተደግሞ ከመጣ ስኳር ነው። አባትህ ወይ እናትህ ስኳር ካለባቸው በየጊዜው አስመርምር። ስለ እንጀራ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፣ ጤፍ ጥሩ ነው፣ ሩዝ ዱቄት የተቀላቀለበት ግን ስኳሩን ቶሎ ያወጣል፣ ደሞ ሦስት እንጀራ ጠቅልሎ በልቶ ጤፍ ነው ማለት የለም።

እማማ ጥሩዬ፦ ልጄ እኔ ሽፈራው በየቀኑ አፍልቼ እጠጣለሁ ነጭ ሽንኩርትም በማር። የግፊቱን ክኒን ተውኩት ተመስገን ደህና ነኝ ምንም አይሰማኝም

ሲስተር፦ እማማ፣ እግዜር ያቆይልን። ሽፈራውን ይጠጡ፣ እኔ አልከለክልም። ግን "ምንም አይሰማኝም" ነው ትልቁ ችግር፣ ግፊት አይሰማም እኮ እማማ! የሚሰማው እጅ ሲከዳ፣ አፍ ሲጣመም ነው። ያኔ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ነገ ልጅዎ ጤና ጣቢያ ይዞዎት ይሂድና ይለኩ፣ ክኒኑን መተውዎን አይደብቁ፣ ማንም አይቆጣዎትም። ልብ በሉ ሁላችሁም፣ "ተስተካከለ" የሚባለው ክኒኑ ስላለ ነው የተስተካከለው።

የሰሚቷ፦ ሲስተርዬ ለራሴም አንድ ልጠይቅ፣ 34 ነኝ፣ የማህፀን በር ምርመራ ያስፈልገኛል? ልጄም 12 ሆነች

ሲስተር፦ አዎ፣ ከ30 ጀምሮ። ጤና ጣቢያ በአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤው ማለት ነው) የሚደረገው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ልጅሽ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን ካልወሰደች አሁን ነው ሰዓቱ፣ ከ9 እስከ 14 ነው ጥሩ የሚይዘው፣ በሀገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ስለ ልጅ አያስወልድም ምናምን ወሬ አልከራከርም፣ ውሸት ነው።

ፍቅር፦ ሲስተር ግፊት ያለበት ሰው ምን ምግብ ነው የሚመገበው

ሲስተር፦ አቤል፣ ፍቅር፣ የቀደመውን ሳታነቡ የምትጠይቁ፣ ጨው! ጨው ቀንሱ፣ ባልትናው ላይ ያለውን ጭምር! አትክልት ጨምሩ፣ መጠጥ ቀንሱ። ሌላ ምን ልበል።

የቄራው ልጅ፦ አቦ እኔ 38 ዓመቴ ነው በሕይወቴ ተለክቼ አላውቅም፣ ስታካብዱ ጊዜ ሰፈር ፋርማሲ ሄጄ ተለካሁ። 158 በ96 አለኝ!! ልሞት ነው እንዴ? ክኒን ልግዛ?

ሲስተር፦ አትግዛ! ተቀመጥ። ፋርማሲው ድረስ በምን ሄድክ?

የቄራው ልጅ፦ ሊዘጋ ስለነበር ሮጬ

ሲስተር፦ ቡና?

የቄራው ልጅ፦ ከእራት በኋላ ሦስቱንም ሲኒ፣ አቦል እስከ በረካ

ሲስተር፦ ሽንት ይዞህ ነበር?

የቄራው ልጅ፦ ኧረ አዎ 😂 ጃኬቴንም አላወለቅኩም፣ እየቀለድኩ ነበር ከልጅቷ ጋር

ሲስተር፦ በለው። ሁሉንም ሰበሰብከው። ሽንት ብቻውን 10 ሊጨምር ይችላል። ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባትህ በፊት ጤና ጣቢያ ሂድ። ከመለካትህ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ሩጫ የለም። ሽንት ቤት ግባ። ጀርባህን ወንበር አስደግፈህ፣ እግርህን ሳታነባብር መሬት ላይ አድርገህ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ክንድህ ባዶ ይሁን፣ ጠረጴዛ ላይ በልብህ ልክ አሳርፈው፣ ሲለኩህ አታውራ። ሁለቴ ይለኩህ፣ በመካከል አንድ ደቂቃ። ሌላ ቀንም ድገመው። በሁለቱም ቀን 140 በ90 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ያኔ ግፊት አለብህ፣ ሐኪም ጋ ትቀርባለህ። ለቤት መግዛት ከፈለግክ የክንዱን ማሽን እንጂ የእጅ አንጓውን አትግዛ። ዛሬ ማታ ራስ ምታት ከባድ፣ ደረት ማጥበቅ፣ የዓይን ብዥታ ካለህ ግን ነገን አትጠብቅ።

የቄራው ልጅ፦ የለኝም፣ ደህና ነኝ። ጠዋት ግን ቡና ሳልጠጣ እንዴት ነው ከቤት የምወጣው

ሲስተር፦ ተለክተህ ስትመለስ ትጠጣለህ። 4 ሰዓት አለፈ፣ እኔም ልተኛ፣ ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ። ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ።