በአሜሪካ ማስተርሷን ለምትጨርስ እህትዎ፦ ስለ ኦፒቲ የሥራ ፈቃድ

ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። እህትዎ አሜሪካ ውስጥ በሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ትምህርቷን በመጪው ግንቦት እንደምታጠናቅቅ ገልጸው፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ «የሥራ ፈቃዷን ከዚሁ ከአዲስ አበባ ሆነን እናስወጣላታለን» ብሎ ገንዘብ እንደጠየቃችሁ ጽፈዋል። ሥራ ሳታገኝ ማመልከት ትችል እንደሆነ፣ እንዲሁም እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር አሳልፋ መመለስ ይቻላት እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ፈቃድ ሠርቼ ወደ አገሬ የተመለስሁ ስሆን፣ ከዚያም ወዲህ አራት ኪሎ ካለው ቢሮዬ ከሥራ ሰዓት በኋላ የብዙ ወጣቶችን ወረቀት አብሬያቸው ስመለከት ስለቆየሁ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ከሁሉ በፊት ለዚያ ቢሮ አንድም ብር አይክፈሉ። የውጭ አገር ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው በሙያቸው የሚሠሩበት፣ ኦፒቲ የሚሉት ይህ ፈቃድ አመልካቿ በአሜሪካ ምድር ሳለች ራሷ የምትጠይቀው ነው። መነሻው የዩኒቨርሲቲዋ የውጭ አገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚያ ያለው ዲኤስኦ የሚባለው ኃላፊ ሴቪስ በተባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ የድጋፍ ሐሳቡን አስገብቶ አይ-20 የተባለውን የተማሪነት ማረጋገጫ ሰነድ አዲስ አድርጎ ይሰጣታል። ከዚያም እርሷ ዩኤስሲአይኤስ በተባለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በራሷ ስም አካውንት ከፍታ አይ-765 የተባለውን ቅጽ ትሞላለች። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሚሠራበት ታሪፍ ክፍያው በኦንላይን 470፣ በወረቀት 520 ዶላር ነው። በዚህ ሂደት ውስጥ አዲስ አበባ ያለ ደላላ የሚያስፈጽመው አንድም ጉዳይ የለም። ምናልባት የይለፍ ቃሏን ተቀብሎ ቅጹን ሊሞላላት አስቦ ይሆናል፤ ይህ ግን ከገንዘቡም በላይ ያሳስበኛል፤ በቅጹ ላይ ለሚሰፍረው ነገር ሁሉ ተጠያቂዋ የምትፈርመው እርሷ ናትና።

ለማመልከት ሥራ ማግኘት አያስፈልጋትም፤ ቅጹም ስለ ቀጣሪ አይጠይቃትም። የሚያስፈልጋት ቀኑን ማወቅ ነው፤ እስካሁን ካየኋቸው ችግሮች የሚበዙትም ከቀን አቆጣጠር የመጡ ናቸው። ቆጠራው የሚነሣው ጋውን ተለብሶ ፎቶ ከሚነሡበት ዕለት ሳይሆን አይ-20 ላይ የትምህርት ማብቂያ ተብሎ ከተጻፈው ቀን ነው። ማመልከቻው ከዚያ ቀን 90 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ እስከ 60 ቀን ድረስ ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። ለምሳሌ የማብቂያው ቀን ሜይ 15 ቀን 2026 ቢሆን፣ ይህም በእኛ ግንቦት 7 ቀን 2018 ነው፣ በሩ የሚከፈተው የካቲት 7፣ የሚዘጋው ሐምሌ 7 ይሆናል። ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ ስሌቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከፈረንጁ ይልቅ እንዴት እንደሚቀልል ልብ ይበሉ፤ ወላጆችም ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ሊከታተሉት ይችላሉ። በዚህ መካከል ግን ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ገደብ አለ፤ ዲኤስኦው የድጋፍ ሐሳቡን ሴቪስ ላይ ካስገባበት ዕለት አንሥቶ ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ መድረስ ይኖርበታል። ድጋፉን በየካቲት አሰጥታ ቅጹን በሚያዝያ ብታስገባ፣ የሐምሌው በር ገና ክፍት ቢሆንም ማመልከቻዋ ውድቅ ይሆናል። በእኔ አስተያየት በሩ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብታስገባው ይሻላል፤ ውሳኔው ወራት ሊፈጅ ስለሚችልና የሥራ ፈቃድ ካርዱ በእጇ ሳይገባ፣ በላዩም ላይ ያለው መነሻ ቀን ሳይደርስ፣ አንዲት ሰዓት እንኳ መሥራት ስለማትችል ነው። ከቸኮለች ተጨማሪ ከፍላ ውሳኔውን በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ማግኘት የምትችልበት መንገድም አለ።

ፈቃዱ 12 ወር ነው። የሚጀምርበትን ቀን የምትመርጠው እርሷ ስትሆን፣ ምርጫዋ ከትምህርቱ ማብቂያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ መዋል አለበት። ሥራ በእጇ ካለ ቶሎ ትጀምር፤ ከሌለ ግን ቀኑን ወደ መጨረሻው ብታስጠጋው እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ፈቃዱ ከጀመረ በኋላ ያለ ሥራ ልትቆይ የምትችለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልም ጭምር ይቆጠራሉ። ሥራ ይዛ ከለቀቀችም ቆጠራው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀምርም። ሥራ ስታገኝ የቀጣሪውን ስምና አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለተማሪዎች በተዘጋጀው ፖርታል ላይ ማስገባት አለባት፤ ይህን ካላደረገች በየቀኑ እየሠራችም ቢሆን በመዝገቡ ላይ ሥራ እንደሌላት ትቆጠራለች።

ሥራው በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት የሚሠራና ከተማረችው ትምህርት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ መሆን አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ «እኔ ሱቅ ትሥራ» ቢል፣ ደግነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ካሸር ሆኖ መቆም ለሕብረተሰብ ጤና ምሩቅ አይቆጠርላትም፤ ከዚህም አልፎ ከፈቃዷ ውጭ እንደሠራች ያስቆጥርባታል። በአንጻሩ በአንድ የካውንቲ ጤና ቢሮ ወይም በእርዳታ ድርጅት ውስጥ ያለ ደመወዝ በሙያዋ ብታገለግል፣ የሥራ ሕግ እስካልተጣሰ ድረስ፣ በዚህ በመጀመሪያው ዓመት ተቀባይነት አለው። ደመወዝ ያለው ሥራ እስክታገኝ የዘጠናውን ቀን ቆጠራ ለማቆም የሚያገለግል የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ስሟን በሠራተኛነት ብቻ አስመዝግበው ገንዘብ ከሚጠይቁ «ኩባንያዎች» ግን ትራቅ።

ስቴም ለሚባሉት የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርቶች ሁለት ዓመት ስለሚጨመርበት ማራዘሚያም ሰምተው ይሆናል። ይህ የሚወሰነው አይ-20 ላይ ከትምህርቱ ስም አጠገብ በሰፈረው ቁጥር ነው። የጠቅላላ ሕብረተሰብ ጤና ቁጥር 51.2201 ሲሆን በስቴም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ ግን አሉበት። ስለዚህ ዛሬውኑ አይ-20ዋን አውጥታ ቁጥሩን ትመልከት። ዝርዝሩ ውስጥ ካለች፣ ለማራዘሚያው ቀጣሪዋ የሠራተኞችን የመሥራት መብት በሚያረጋግጠው፣ ኢ-ቬሪፋይ በተባለው የመንግሥት ሥርዓት የተመዘገበ መሆን እንዳለበትና ያለ ደመወዝ መሥራት እንደማይፈቀድ ከወዲሁ ትወቅ።

ካርዱ የሚላከው በፖስታ ነው፤ ተማሪዎች ደግሞ ከዶርም የሚወጡት ልክ በዚያው ሰሞን ነው። የሚታመን ዘመድ ካላት በቅጹ ላይ «በእገሌ በኩል» የሚለውን ሣጥን ሞልታ የእርሱን አድራሻ ብትሰጥ መልካም ነው፤ ዘመዱም በፖስታ ሣጥኑ ላይ የእርሷን ስም ይለጥፍላት። ያ ስም ፓስፖርቷና አይ-20ዋ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ መጻፍ አለበት። እኛ በራሳችንና በአባታችን ስም ስንጠራ ፓስፖርታችን የአያታችንን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋልና፣ በአንዱ ወረቀት በአባት፣ በሌላው በአያት ስም የተመዘገበ ሰው በኋላ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለማውጣት ሲሄድ ይጉላላል።

አሁን ወደ እንቁጣጣሹ ልምጣ፤ መልሴም አትምጣ የሚል ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ሳታመለክት ከወጣች ነገሩ ያበቃል፤ በዚያ ትምህርት ተመልሳ ፈቃዱን መጠየቅ አትችልም። አመልክታ ውሳኔ እየጠበቀች መውጣት በመመሪያው አልተከለከለም፤ ሆኖም ፈቃዱ ጸድቆ ሥራ ሳትይዝ ከተገኘች መመለሷ አጠራጣሪ ነው። ከአገር ውጭ ያለ ሥራ የምታሳልፋቸው ቀናትም ከዘጠናው ላይ ይቀነሳሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ የቪዛው ጉዳይ አለ። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ በአብዛኛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግልና የሦስት ወር ነው። አሜሪካ ውስጥ እስካለች ድረስ የቪዛው ማለፍ አያሳስባትም፤ ሕጋዊነቷን የሚጠብቀው አይ-20ው ነውና። ከወጣች ግን እንጦጦ መንገድ ባለው ኤምባሲ እንደገና ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ግድ ይላታል። ቆንስሉ ተመልሳ ወደ አገሯ እንደምትገባ እንድታሳምነው ይፈልጋል፤ ለሥራ የምትመለስ ምሩቅ ደግሞ ይህን ማስረዳት ገና ልትማር ከምትሄድ ተማሪ ይልቅ ይከብዳታል። ቀጠሮው ቢዘገይ ወይም ቪዛው ቢከለከል ሥራውም ፈቃዱም እዚያው ይቀራሉ።

የግድ መምጣት ካለባት፣ ለምሳሌ በቤተሰብ ሐዘን፣ ካርዱን፣ የቀጣሪዋን ደብዳቤና ዲኤስኦው በቅርቡ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ የፈረመበትን አይ-20 ይዛ ትምጣ፤ የኤምባሲውንም ቀጠሮ ትኬት ከመቁረጧ በፊት ትያዝ።